ሁለት ሐዲድ ውሃ

አቃቂ፣ ኅዳር 4 ቀን 1953 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀናው በዛብህ፣ ጅቡቲ

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ያ ምድጃ የሆነ አገር እንዴት ይዞዎታል? እኛ አቃቂ ሁላችንም ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ አጥንት እየገባ አስቸገረን። እኔ የሺሐረግ ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የተሰማ ልጅ። አምና በባቡር ሲያልፉ በመስኮት ከረሜላ የወረወሩልኝ። አሁን አስራ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ከረሜላ አልጠይቅም።

የምጠይቅዎ ሌላ ነገር ነው። ጣቢያው ጀርባ ያለውን ትልቁን ገንዳ ያውቁታል መቼም። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ውሃ የሚቀዳበት የነበረው። የናፍጣው ባቡር ከመጣ ወዲህ የሚፈልገው ስለሌለ እኛ ልጆች ወረስነው። ዋና የተማርኩት እዚያ ነው። መጀመሪያ ወንዶቹ አባረሩኝ። አሁን እኔ ነኝ የማባርራቸው።

አባዬ ባቡር በሚጠብቅበት የኪስ ሰዓቱ ቆጠረልኝ። ገንዳው ርዝመቱ ሁለት ሐዲድ ነው። ለአባዬ ሁሉም ነገር በአንድ ሐዲድ ብረት ርዝመት እንደሚለካ ያውቃሉ፤ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ስንት እንደሆነ ቢጠይቁት በሐዲድ ነው የሚነግርዎት። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ዋኘሁና አንድ ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ሆነ። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ? እዚህ የሚያውቅ ሰው የለም። እርስዎ እዚያ ባቡር ሥራ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር ስላሉና የሠራተኛውን ልጆች ዋና ስለሚያስተምሩ ያውቃሉ ብዬ ነው።

ሌላው፣ የዋና ልብስ ካገኙ ይላኩልኝ። በቀሚስ ስዋኝ ቀሚሱ እየጎተተ ሊያሰምጠኝ ነው። ሰፈርተኛው ግን “ለባቡር ተሳፋሪ ገላዋን ልታሳይ ነው” እያለ ከወዲሁ ጀምሯል። ይበል። ባቡሩ ፈጣን ነው፣ ምን ሊያዩ ነው?

እናቴ በላይነሽ “ከባሕሩ ክፉ ይሰውርህ” ብላለች። እኔም አሜን ብያለሁ።

የሺሐረግ ተሰማ

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለየሺሐረግ ተሰማ፣ አቃቂ

ጤናሽ እንደ ጸሎቴ ይሁን። አባትሽንና እናትሽን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ። እኔ አለሁ፤ ሙቀቱ እንዳለ ነው፣ ደመወዙም እንዳለ ነው፣ ሁለቱም ንቅንቅ አይሉም።

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ተቀምጬ ነበር፤ ተነሳሁ። ሁለት ሐዲድ ማለት እኮ ሃያ አራት ሜትር ነው! ሁለት ደርሶ መልስ ለመቶ ሜትር ትንሽ ፈሪ። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ማንም ሳያሠለጥናት፣ በዚያ በረዶ ውሃ፣ በዚያ ስስ አየር ላይ ደቂቃ ከስምንት! እዚህ የሠራተኛው ክበብ ውስጥ ላለ አንድ አሠልጣኝ ብነግረው “ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆናል” አለኝ። “የባቡር ሰዓት ነው፣ ጌታዬ፤ እሱ ቢበላሽ ባቡር ይጋጭ ነበር” ብዬ አፉን አስያዝኩት።

አሁን ስሚኝ። ዋናተኛ እንደ በቆሎ በአንድ ክረምት አይደርስም። በአስራ ሁለት ዓመቱ ፊት የሚሆን ልጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያደገ ልጅ ነው፤ ክንዱ ረዘም፣ ትከሻው ሰፋ ብሎለት ነው። ሌሎቹ ዘግይተው ሲያድጉ ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ ፊት መሆን የለመደው ኩርፊያ ይይዘውና ይተዋል። መጀመሪያ በየዓመቱ ብዙ ሰከንድ ትቀንሻለሽ፤ ከዚያ ጥቂት፤ ከዚያ እፍኝ የማትሞላ። ለዚያች እፍኝ የማትሞላ ነው ሰው ዓመት ሙሉ የሚለፋው። አስራ ሦስት አስራ አራት ሲሞላሽ ደግሞ ሰውነትሽ ይለወጣል፤ ውሃው ለጊዜው እንግዳ ይሆንብሻል። ያን ጊዜ ያልሸሸች ናት ዋናተኛ። ይህን ከልብሽ ያዥው።

ለከተማው የዋና ክበብ አሠልጣኝ ለአቶ ያደታ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፤ በስሜ ዋስ ሆኛለሁ። ልብሱን ባቡር ላይ ትኬት የሚቆጣጠረው መገርሳ ያመጣልሻል። ሰዓትሽን በየጊዜው ላኪልኝ። እዚህ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

ያጎትሽ ያህል የሆንኩት ቀናው በዛብህ

*

አቃቂ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀናው

እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱ የአቃቂን ወንዝ አስገንፍሎታል፤ እኛ ግን አልተወሰድንም፣ ተመስገን።

ሁለት ዓመት ስለዋኘሁበት ስለ ክበቡ ትልቅ መዋኛ አመስግኛለሁ፤ ሦስቴም አራቴም አመስግኛለሁ። አሁን ግን የማልወደውን ነገር ልንገርዎ። ያ ደቂቃ ከስምንት ጠፋብኝ። ክበብ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለሰም። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ያደታ የክበቡን ልጆች በሙሉ ሰብስቦ “ተአምረኛዋ መጣች” አለና አዋኘኝ። መቶ ሜትሩ አላልቅ አለኝ፤ ግድግዳው ይርቃል፣ ይርቃል፣ እጄን ስዘረጋ ገና ነው። ወጥቼ ሰዓቱን ሳየው ከደቂቃ ከስምንት በጣም ርቋል። ዛሬ በደህናው ቀኔ ደቂቃ ከሠላሳ ስድስት ነኝ።

ጋሼ ያደታ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለው። የእያንዳንዳችንን የተሻለ ሰዓት በጠመኔ ይጽፍበታል። በእኔ ስም አንጻር እርስዎ የላኩት አንድ ከስምንት ተጽፎ ይገኛል። ሌሎቹ ልጆች ሰሌዳቸው በየወሩ ይደመሰሳል፣ ይጻፋል፤ የእኔ ብቻ እንደ ሐውልት ተገትሯል።

በትዕዛዝዎ መሠረት ሰዓቴን ልኬያለሁ። ምን እንደማደርግ ይንገሩኝ። ልብስ አያስፈልገኝም፤ ምክር ይላኩልኝ።

የሺሐረግ

*

አቃቂ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀናው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዬ ወደ እርስዎ በባቡር ሄዶ መልሱ በእግሩ ነው የሚመጣው? ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ ኅዳር ታጠነ፤ እርስዎ ዝም።

መገርሳን ጠየቅሁት። “ደብዳቤሽን በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ አንብቦ ኪሱ ከተተ” አለኝ። ቀጥሎም ያልጠየቅሁትን ነገረኝ። ስለ እኔ ለስንቱ ሰው እንደነገሩ፣ እዚያ ካሉ ሰዎች ጋር እስከ መከራከር እንደደረሱ፣ አሁን “ያቺ ልጅ የት ደረሰች?” ሲሉዎት ወሬ እንደሚቀይሩ። አፈሩብኝ ማለት ነው? ቢያፍሩም ቢያንስ ጽፈው ይፈሩ እንጂ!

ደቂቃ ከሠላሳ ነኝ። ከሐምሌው ስድስት ሰከንድ ቀንሻለሁ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ራሴ ተናገርኩ።

የሺሐረግ

*

ጅቡቲ፣ የካቲት 15 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለየሺሐረግ ተሰማ

እንደምን ነሽ? ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ልጄ፣ እንደ አባት ልናገርሽ። እዚህ ብዙ አይቻለሁ። በልጅነቱ ውሃውን የሚሰነጥቅ፣ ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ልጅ፣ አስራ አምስት ሲሞላው ከሌሎቹ ኋላ ይቀራል። የማንም ጥፋት አይደለም። አንዳንዱ ያለውን ሁሉ ገና በጠዋቱ ያወጣል። በአስራ ሁለት ዓመትሽ ደቂቃ ከስምንት፣ በአስራ አምስት ዓመትሽ ደቂቃ ከሠላሳ። ይህ መንገድ ወዴት እንደሚወስድ ለመንገር ነቢይ አያስፈልግም።

አቶ ያደታም ጽፎልኛል። የክበቡን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ሰሌዳ ላይ ያለውን የራሱን ሰዓት በሦስት ዓመት ውስጥ ያላሻሻለ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ያንቺ ሦስት ዓመት ሰኔ ላይ ይሞላል። ተባርረሽ ከምትወጪ ራስሽ ብትተዪው ለአንቺም ለእኔም ክብር ነው። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ግቢ። የምድር ባቡር ቢሮ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ፤ እዚያ በስሜ ብትሄጂ አያሳፍሩሽም።

ዋናተኛ ያልሆነ ሰው ሁሉ አይሞትም።

ቀናው በዛብህ

*

አቃቂ፣ መጋቢት 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀናው

ሰላምታዬን ይቀበሉ፤ ምክርዎን ግን መልሻለሁ።

የታኅሣሥ 1953 ደብዳቤዎ ሳጥኔ ውስጥ አለ። “ያን ጊዜ ያልሸሸች ናት ዋናተኛ፤ ይህን ከልብሽ ያዥው” ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው ያዝኩት። እርስዎ ነዎት የለቀቁት!

ጋሼ፣ አስራ አራት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ውሃው እርስዎ እንዳሉት እንግዳ ሆነብኝ። ወገቤ ይከብዳል፣ እግሬ ይሰምጣል። አለቀስኩ፤ በውሃ ውስጥ ስለሆነ ማንም አላየኝም። ከዚያ እንደገና እንደ ሕፃን እግር መምታት ጀመርኩ። እጄን እንዴት እንደማስገባ፣ አፌን በየት በኩል እንደምከፍት፣ ሁሉንም ከሀ ሁ። አሁን ወገቤ ይንሳፈፋል። ይህ ያለቀላት ልጅ ሥራ ነው?

በአስራ ሁለት ዓመታችን ክበቡን ያንቀጠቀጠችው ዲንቄ የምትባል ልጅ ነበረች። በእውነት ከሁላችን ቀድማ ያደገች፤ የሚያያት ሁሉ ሴትዮ ይላት ነበር። ሁለታችን እኩል ቁመት ስንሆን መሸነፍ ጀመረችና “ድሮም አልወደውም ነበር” ብላ ተወችው። እኔ መሸነፍ ለምጃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸነፍኩት በገዛ ራሴ ነው፣ ሰሌዳ ላይ በተጻፈችው የሺሐረግ። ከእሷ የከፋ ባላንጣ አላየሁም።

አባዬ እንደ እርስዎ ነው፤ “ፋብሪካ ሰው እየቀጠረ ነው፣ ፈረቃ ግቢ” ይላል። ሰፈርተኛው እንደሆነ ያውቁታል። ሁላችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ብትጎትቱኝ ከውሃው አልወጣም። ሰኔ ላይ ያባርሩኝ። በራሴ እግር ግን አልሄድም፣ አልሄድም፣ አልሄድም!

የጽሕፈት መኪናውን ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ።

የሺሐረግ ተሰማ

*

አቃቂ፣ ግንቦት 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀናው

መልስዎን አልጠበቅሁም። ይህን ደብዳቤ ግን ተቀምጠው ያንብቡ፤ ቆመው ካነበቡ ይወድቃሉ።

ያባዬ ጓዶች ገንዳው አጠገብ ያለውን ተቀጥላ መስመር እየቀየሩ ነው። ዛሬ ምሳ ላደርስለት ሄድኩ። የተነቀለውን አሮጌ ሐዲድ ገንዳው ግድግዳ ሥር አጋድመውታል፤ አዲሱን ደግሞ ከጎኑ። ምሳውን አስቀምጬ አየሁት። አሮጌው ከገንዳው ግማሽ ላይ ያበቃል። አዲሱ ግማሹን አልፎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ በጣም!

“አባዬ፣ ይሄ ሐዲድ ለምን ረዘመ?”

“ምን ረዘመ? አዲሱ እኮ ነው። የድሮው ስምንት ሜትር ነው፣ አዲሱ አስራ ሁለት።”

“ታዲያ ገንዳው ሁለት ሐዲድ ነው ስትለኝ በየትኛው ነው?”

“በየትኛው ይሆናል? ገንዳው ሲሠራ አዲሱ መቼ ነበረና?”

ጋሼ ቀናው! እርስዎ ያሉበት ጅቡቲ ሐዲዱ ሁሉ ከተቀየረ ስንት ዘመኑ! ሁለት ሐዲድ ሲባሉ በእርስዎ ሐዲድ አባዙት። አባዬ በእሱ ሐዲድ ለካ። እኔ መሐል ላይ ሆኜ ተአምረኛ ሆንኩ። ገንዳው ሃያ አራት አይደለም፣ አስራ ስድስት ነው። የክበቡን ሜትር ተውሼ ለካሁት፤ አባዬ ያኛውን ጫፍ ያዘልኝ። ሳቁን ማቆም አቅቶት ሜትሩ ሁለቴ አመለጠው።

እኔ አልሳቅኩም። ገንዳው ግድግዳ ላይ ተቀምጬ አሰላሁት። በአስራ ሁለት ዓመቴ የዋኘሁት መቶ ሜትር ሳይሆን ስልሳ አራት ነው። መቶ ቢሆን ኖሮ ደቂቃ ከአርባ ስድስት ይሆን ነበር፤ ያውም ቶሎ ቶሎ ግድግዳ እየረገጥኩ። ተረዱት? አልወደቅሁም! ከፍ ያልኩበት ቀን ስላልነበረ የወደቅሁበት ቀን የለም። ከደቂቃ ከአርባ ስድስት ተነስቼ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ፣ አሁን ሃያ አምስት። በየዓመቱ ስወጣ የነበረውን ዳገት ሁላችሁም ቁልቁለት ነው ብላችሁ አለቀሳችሁልኝ።

ሰኔ ላይ በሁሉም ፊት ለጋሼ ያደታ እናገራለሁ።

የሺሐረግ

*

ጅቡቲ፣ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለየሺሐረግ

ይህን ደብዳቤ መገርሳ ባቡሩ ሊነሳ ሲል ነው የሚቀበለኝ፤ ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅርታ አድርጊልኝ።

ያልሽውን አየሁ። የእኛ መስመር ላይ አጭር ሐዲድ ካየሁ ዘመን የለውም፤ ከየት ልወቀው? እሺ፣ ሆነ። አሁን ግን እለምንሻለሁ፣ አትናገሪ። ክበቡ የተቀበለሽ በዚያ ሰዓት ነው። በሐሰት ገባች ይሉሻል፤ በዚያው ቀን ያስወጡሻል። እኔም አለሁ። ለያደታ በስሜ ዋስ ሆኛለሁ፤ እዚህ ስንት ሰው ፊት አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ሐምሌ መጨረሻ የእናንተ ክበብ ለውድድር ወደዚህ ይወርዳል ተብሏል፤ ሰዎቹ ፊት ለፊት ሊስቁብኝ ነው።

ዝም በይና ውጪ። “አመመኝ” በይ። ሕመም ማንንም አያሳፍርም።

ቀናው

*

አቃቂ፣ ሰኔ 29 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀናው በዛብህ

እንዴት አሉልኝ? ጤናዎ ይብዛ፤ ከሙቀቱም ከሰው አፍም ይጠብቅዎ።

አላመመኝም። ተናገርኩ።

ጋሼ ያደታ በሰኔው ስብሰባ የሚወጡትን ስም ሲያነብ የእኔ ሁለተኛ ነበር። እጄን አወጣሁና ስለ ሐዲዱ ነገርኩት። አሮጌውን፣ አዲሱን፣ ገንዳውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ያለምወርቅ የምትባለው፣ የክበቡ አንደኛ፣ “ደቂቃ ከአርባ ስድስት? እንዲህ ይዘሽ ማን አስገባሽ?” አለችኝ።

“ስህተት ነው ያስገባኝ። ማስወጣት ከቻልሽ አንቺ አስወጪኝ” አልኳት።

ሳቁ! ልጆቹ ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ግን ሦስት ዓመት ካፈርኩት የበለጠ ምን ያሳፍሩኛል ብዬ ቆምኩ።

ጋሼ ያደታ አልሳቀም። ደብተሩን ዘጋና እርጥብ ጨርቅ አንስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ያችን አንድ ከስምንት ጠረጋት። በቦታዋ አንድ ከአርባ ስድስት ጻፈ። ዞር ብሎም “ግቢ ውሃ ውስጥ” አለኝ፤ ያለምወርቅን ከጎኔ አስገባ።

አሸነፈችኝ። ይህን በደንብ ያንብቡት፤ ተአምር አልሆነም። ስትነካ እኔ ገና አራት አምስት ክንድ ይቀረኝ ነበር። እኔ የነካሁት በደቂቃ ከሃያ አራት ነው። ጋሼ ያደታ ከአርባ ስድስቷ ሥር ጻፋትና ልጆቹን ጠየቀ፦ “በሦስት ዓመት ሃያ ሁለት ሰከንድ የቀነሰ ከመካከላችሁ ማን አለ? እጁን ያውጣ።” አንድም እጅ አልወጣም። ያለምወርቅ እንኳ ከአምና ጀምሮ ሰሌዳዋ አልተደመሰሰም።

ስሜን ከሚወጡት ዝርዝር ሰረዘው። “የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ነሽ፤ ገና መቼ ተነሳሽና” አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለኝ። ቤት እስክደርስ አለቀስኩ። ይህኛው ደረቅ መሬት ላይ ስለሆነ ሁሉም ሰው አየኝ፤ ይየኝ። አባዬ የፋብሪካውን ወሬ ዳግመኛ አላነሳም፤ “በአዲሱ ሐዲድ ነው በድሮው የምትዋኚው?” እያለ ያበሽቀኛል እንጂ።

አሁን ጉዳዬን ልጨርስ። ለሐምሌው ውድድር አራት ሴት ልጆች ወደ ጅቡቲ እንወርዳለን። እኔ አራተኛዋ ነኝ፤ የመጨረሻዋ። እርስዎ ባሉበት፣ አፍዎን ሞልተው የተናገሩላቸው ሰዎች ባሉበት፣ በዚያ በሞቀ ውሃ እዋኛለሁ። ምናልባት መጨረሻ እወጣለሁ። ይስቁ ይሆናል። እርስዎ ግን ወሬ እንዳይቀይሩ፣ እንዳይታመሙም። ጣቢያው ላይ ወጥተው ይቀበሉኝ፤ ከእኔ ጎን ይቁሙልኝ። ከእርስዎ የምጠይቀው ይህንን ብቻ ነው።

“ያቺ ልጅ የት ደረሰች?” ሲሉዎት ደግሞ ደቂቃ ከስምንት የምትዋኘዋ መጣች እንዳይሏቸው። ገና እየመጣች ነው ይበሏቸው።

ልጅዎ የሺሐረግ ተሰማ